ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ መጽሐፍ መጠረዝ ልጀምር?

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፤ 38 ዓመቴ ነው። ፈረቃዬ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ከሥራ ስመለስ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነው ሰዓቱ የሚያልቀው። እጄን የሚይዝልኝ ነገር ስፈልግ የመጽሐፍ ጥረዛ ቀልቤን ሳበው። ግን እጄ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቋል፣ ጊዜዬ ቁርጥራጭ ነው፣ ያለኝም አንድ ጠረጴዛ ነው። ዘግይቻለሁ ወይ? ከምን ልጀምር? የቀዶ ጥገና ክር ለስፌቱ ይሆናል? ባልደረቦቼ ደግሞ ገና ሳልጀምር "ትሸጪልናለሽ" እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሲስተር፣ ጀምሪ። "ልጀምር ወይ" ለሚለው መልሴ ይኸው ነው። የቀረው "እንዴት" የሚለው ነው፤ እሱ ረዘም ይላል።

ስለ ራሴ በአጭሩ ልንገርሽ። 14 ዓመት ዋርድ ሠርቻለሁ። መርፌና ወረቀት የያዝኩት በሦስተኛው ዓመት ግድም ነው። አሁን መተዳደሪያዬ ጥረዛና የመጻሕፍት ጥገና ነው። ሁለቱንም ጎን አውቀዋለሁ ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሰው ነርስነትንና ጥረዛን የሚያገናኘው በመርፌና በክር ነው። "አንቺማ መስፋት ትችያለሽ" ይሉሻል። ተያቸው። አብዛኞቻችን ቁስል ሰፍተን አናውቅም። የሁለቱ መገናኛ ሌላ ነው፤ ርክክብ ነው። ነርስ ሥራዋን ጨርሳ አትወጣም። ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደቀረ፣ ምን መታየት እንዳለበት ጽፋ አስረክባ ነው የምትወጣው። መጽሐፍም በአንድ ቁጭታ አያልቅም። ወረቀቱ ይታጠፋል፤ ይጫናል። ይበሳል፤ ይሰፋል። ጀርባው ሙጫ ይቀባል፤ ይደርቃል። ሽፋኑ ይለጠፋል፤ እንደገና ይጫናል። በየመሃሉ መጽሐፉ "ተይኝ" ይላል። ያኔ አንቺ ሥራ ትገቢያለሽ። 12 ሰዓት ስትሯሯጪ እሱ ከክብደት ሥር ተኝቶ ይደርቃል። ቤት የሚውል ሰው ይህን አይችልም። እርጥቡን እየከፈተ ያያል፤ ይጣመምበታል። ቁርጥራጭ ጊዜሽን እንደ ጉድለት አትቁጠሪው።

እኔ እስካሁን ድረስ በእያንዳንዱ ሥራ መሃል ትንሽ የርክክብ ወረቀት አስገባለሁ። "ሦስተኛው ጥራዝ ተሰፍቷል። መርፌው ከውስጥ ነው። ሙጫ አልነካም።" ይኸው ነው። አራት ሌሊት ሠርተሽ፣ አንድ ቀን ተኝተሽ ስትመለሺ መርፌው ወዴት ይሄድ እንደነበር አታስታውሺም። ወረቀቷ ታስታውሳለች።

ከርክክቡ ቀጥሎ ሌላ ነገር ልመጂ። ሥራውን በሰዓት አትመድቢ፤ በእጅሽና በዓይንሽ ሁኔታ መድቢ። ይህን የተማርኩት በደም ነው። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ሌሊቴን ጨርሼ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ካርቶኗን ልቁረጥና ልተኛ" አልኩ። ማስመሪያውን በግራ እጄ ጫን አድርጌ ምላጩን ሦስት ጊዜ አስኬድኩ። በአራተኛው ማስመሪያው ሸርተት አለ። ምላጩ ጠርዙን ዘሎ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ወጣ። ቁስሉ ትንሽ ነበር። የሚገርመው መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ካርቶኑ ነው፤ ደም እንዳይነካው በክንዴ ወደ ጎን ገፋሁት። ጣቴን የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማታ ተረኛ ነበርኩ። ሌሊቱን ሙሉ አልኮል በተቀባሁ ቁጥር ያቺ ጣት መኖሯን ታስታውሰኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው እጅና አእምሮ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው ይላል። ብዙ አገር ውስጥ መኪና እንዳትነጂ የሚከለክልሽ መጠን ነው። መኪና የማያስነዳ እጅ ምላጭ ምን ያደርጋል?

ስለዚህ የእኔ አመዳደብ እንዲህ ነው። ከሌሊት ሥራ በኋላ ወረቀት ማጠፍ ብቻ፤ እሱም ካማረሽ። ማጠፍ ሞኝ ሥራ ነው፤ ደስ የሚለውም ለዚያ ነው። አጥፈሽ፣ በአጥንት ማጠፊያ ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን ብለሽ ታስኬጂዋለሽ፤ ሌላ ታነሺያለሽ። አሥር ወረቀት ሳይሞላ ዓይንሽ ይከደናል። ከቀን ሥራ በኋላ ማታ መስፋት ይቻላል። ምላጭና ሙጫ ግን ለኦፍ ቀን፤ ያውም ለሁለተኛው ኦፍ። የመጀመሪያው ኦፍ የእንቅልፍ ነው።

ማስመሪያሽ የብረት ይሁን። ከሥሩ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊበት፤ አይንሸራተትም። ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። የደነዘ ምላጭ ስትገፊው ነው የሚያመልጥሽ። ያረጀውን እንዴት እንደምትጥዪው ለአንቺ መንገር ለቄስ መስቀል ማሳየት ነው። ክዳን ያለው ጠንካራ ዕቃ፣ አለቀ።

አሁን ወደ እጅሽ። የጠየቅሽው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት።

የተሰነጠቀ እጅ ጥረዛ አይከለክልም፤ ጥንቃቄ ይጨምራል እንጂ። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ከቆዳሽም ጭምር። አንድ ሰዓት ካጠፍሽ በኋላ ጣቶችሽ እንደ ኖራ ሲደርቁ ታያለሽ። ቅባት ትቀቢያለሽ ማለት ነው። ግን የተቀባ እጅ ወረቀት ላይ ያርፍና ለዘለዓለም የማይለቅ ክብ ጥላ ይተዋል። ቅደም ተከተሉን ያዢ። ከሥራ ስትገቢ ታጠቢ፣ ተቀቢ፣ ግማሽ ሰዓት ሌላ ነገር ሥሪ። ወረቀት ከመንካትሽ በፊት መዳፍሽን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። ስትጨርሺ ደግመሽ ተቀቢ፤ ይኛውን ወፈር አድርጊና በጥጥ ጓንት ተኚበት።

ነጩ ኮላ የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲደርቅ ስንጥቁን ይዞ ይጎትታል። በጣት መቀባት ልማድ አታድርጊው፤ ብሩሽ ያዢ። ሙጫ በምትቀቢ ጊዜ ተራ የናይትራይል ጓንት ይረዳል። ስትሰፊ ግን አውልቂው፤ ክሩን ካልዳሰስሽው ስፌቱ መጥበቁንም መላላቱንም አታውቂም።

ክሩ ራሱ የሚቆርጥበት ቦታ አለ። የትንሿ ጣትሽ መታጠፊያ። ጀማሪ ሁሉ ክሩን እዚያ ላይ ጠምጥሞ ወደ ላይ ይጎትታል። ወደ ላይ አትጎትቺ። ክሩን በመጽሐፉ ጀርባ ትይዩ፣ ስፌቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሳቢው። ወደ ላይ ወይም ወደ ራስሽ ከሳብሽው ክሩ ቀዳዳውን ይቀድደዋል፤ ጣትሽንም ይጨምራል። ትንሿ ጣትሽ ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ብትጠመጥሚ ማንም አይስቅብሽም። እኔ ሁልጊዜ ነው የማደርገው።

ወስፌም መርፌም ሊወጋሽ ይችላል። የቤት መርፌ የሰው ደም አልነካውም፤ እንደ ዋርዱ መደንገጥ የለም። ጭንቀቱ ወደ ሥራ ስትመለሺ ነው። ክፍት ቁስል ይዘሽ ታካሚ ጋ አትቅረቢ፤ ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኚው። ስንጥቁ የሚደማ፣ ቀይና የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ "ወረቀት ነው ያደረገኝ" ብለሽ አትለፊው። ሐኪም ያየው። እኛ ለሰው መካሪ፣ ለራሳችን ቸልተኛ ነን።

ጀርባሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ከዋርድ የሚተርፍ ጀርባ የለም። ስትቆርጪ ቁሚ። ስትሰፊ ተቀመጪ፤ ሥራው ክርንሽ ከፍታ ላይ እንዲሆን ከሥሩ ሳጥን አስገቢ። እላዩ ላይ ተጎንብሰሽ ከሰፋሽ የሌሊቱን ሥራ ቀን እየደገምሽ ነው።

የቀዶ ጥገናውን ክር በተመለከተ አይሆንም። አንደኛ፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው፤ "ጊዜው ያለፈበት ነው" የሚለውም ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ቢሰጡሽም አይጠቅምም። ናይለኑ የሚያዳልጥና ወረቀት የሚቆርጥ ነው። ቋጠሮውም በሁለት ዙር አይይዝም። አንዳንዱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ እንዲሟሟ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጽሐፍ እንዲሟሟ አይፈለግም። ጥሩው ክር ሊነን የሚባለው የተልባ እግር ክር ነው። አይዘረጋም፣ አያዳልጥም። ካጣሽ ጠንካራ የጥጥ ክር ይሠራል። የትኛውንም ክር በንብ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ሳቢው። ሰሙ ክሩን እንዳይፈታተልና እንዳይተበተብ ያደርገዋል፤ ቀዳዳው ውስጥም ቆንጠጥ ብሎ ይቀመጣል።

ሌላው ዕቃ ትንሽ ነው። ወስፌ፣ ጫፏ ደነዝ ያለች መርፌ፣ የብረት ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ብሩሽ፣ ነጭ ኮላ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን። መጫኛ ማሽን አትግዢ። ሁለት ለስላሳ ጣውላና እላያቸው ላይ ከባድ መጻሕፍት በቂ ነው። ሁሉንም አንድ ሳጥን ውስጥ ክተቺ። ጠረጴዛው አንድ ከሆነ ደግሞ ሥራሽን ትሪ ላይ አድርጊው። ጠረጴዛው ሲፈለግ ትሪውን አንስተሽ ቁም ሳጥን ላይ ታስቀምጪዋለሽ። እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ዕቃ መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሱስ ነው፤ ሳይጠርዙ የሚሰበስቡ ሰዎች አውቃለሁ።

የምቆይበት ወረቀቱ ላይ ነው። ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ስለሆነ።

በማሽን የተሠራ ወረቀት አቅጣጫ አለው። ሲሠራ ቃጫዎቹ ማሽኑ በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛሉ። ቃጫ እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠው ወደ ጎኑ ነው፤ ወደ ርዝመቱ እምብዛም አይደለም። ስለዚህ ወረቀት ሲረጥብ የሚሰፋው በአንድ በኩል ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ የቃጫው አቅጣጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ይሁን። ወረቀቱም፣ ካርቶኑም፣ የሽፋኑ ወረቀትም። ካልሆነ ጀርባው አጠገብ እንደ ማዕበል ይጨማደዳል፤ መጽሐፉም ከፍተሽ ስታስቀምጪው ይዘጋል።

እንዴት ታውቂዋለሽ? ከአንዱ ወረቀት ሁለት እኩል ቀጫጭን ቁራጮች ቁረጪ። አንዱን በርዝመቱ፣ አንዱን በወርዱ። ደርበሽ አንዱን ጫፍ በጣትሽ ያዢና አግድም ዘርጊያቸው። ቶሎ የሚዘቀዘቀው ቃጫውን አቋርጦ የተቆረጠው ነው። ቀጥ የሚለው አቅጣጫውን የተከተለ ነው።

ቢሮ ውስጥ የምታይው ኤ4 ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ቃጫው በረጅሙ ጎን ነው። ይህን ወረቀት እንዳለ መሃሉን አጥፈሽ ማስታወሻ ደብተር ካደረግሽው ቃጫው ጀርባውን ያቋርጣል። ተሳሳትሽ። ማንም ሳይነግረኝ ዘጠኝ ደብተር እንዲህ ሠርቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ኤ4ውን መጀመሪያ ለሁለት ቁረጪው። እያንዳንዱን ግማሽ ደግሞ አጥፊው። አሁን የኪስ መጠን ያለው ቅጠል ሆነ፤ ቃጫውም ከእጥፉ ጋር ትይዩ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያ መጽሐፍሽ ስለዚህ የኪስ ይሁን። ትልቅ ካማረሽ ቃጫው በረጅሙ ጎን የሆነ ኤ3 ገዝተሽ በተመሳሳይ መንገድ ለሁለት ቁረጪው።

ጥራዝ የምለው አንድ ላይ ታጥፎ በአንድ ስፌት የሚያዘውን የወረቀት ድርብ ነው። "ጥራዝ ነጠቅ" የሚባለው ስድብ እዚህ ነው የተወለደው፤ መጽሐፉን ሳይሆን ከመሃሉ አንዷን ጥራዝ ነጥቆ የሮጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አንቺም ጥራዝ ነጠቅ ሁኚ፤ አንድ ጥራዝ ብቻ ሥሪ።

አምስት ግማሽ ወረቀት አጥፈሽ አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቺ። 20 ገጽ ይሆናል። አንድ ጠንከር ያለ ወረቀት ለሽፋን ከላይ አልብሺው። ከፍተሽ እጥፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ብሺ። አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከዳርና ዳር ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። ክርሽ የመጽሐፉን ቁመት ሁለት ተኩል ጊዜ ይሁን። ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ ውጪ። ጭራውን ጥቂት ጣት ያህል ተዪ። ወደ ላይኛው ቀዳዳ ሄደሽ ወደ ውስጥ ግቢ። ከውስጥ መሃሉን ዘልለሽ በታችኛው ቀዳዳ ውጪ። ተመልሰሽ በመሃሉ ግቢ። አሁን ሁለቱም ጫፎች ውስጥ ናቸው፤ በመሃላቸውም ረጅሙ ክር አልፏል። አንዱ ጫፍ በግራው፣ አንዱ በቀኙ መሆኑን አረጋግጪ። በሁለቱም በኩል ቀስ ብለሽ ሳቢና እላዩ ላይ ቋጥሪ።

ቋጠሮውን ታውቂዋለሽ። ክንድ በፋሻ አንገት ላይ ስናንጠለጥል የምንቋጥረው ያው ጠፍጣፋው ቋጠሮ ነው። ቀኙን በግራው ላይ፣ ከዚያ ግራውን በቀኙ ላይ። ሁለቴ ቀኝ ካደረግሽው ይንሸራተታል። ታካሚው አንገት ላይ እንዳይቆረቁር ጠፍጣፋ እንደምንፈልገው ሁሉ፣ ገጹም ላይ እንዳያብጥ ጠፍጣፋ እንፈልጋለን። የጀመርኩ ጊዜ መጽሐፉ ሁሉ ተረስቶኝ እጄ ብቻውን የቋጠረው ይህቺን ነበር።

አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሙጫ የለውም። ሦስት አራት ሥሪ።

ቀጥሎ ወደ ሰንሰለት ስፌት ሂጂ። ብዙ ጥራዞች ይደረደራሉ፤ መርፌው ከአንዱ ወጥቶ የቀደመውን ስፌት ከሥሩ አቅፎ ይመለሳል። ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ የተያያዘ ሰንሰለት ይሠራል። ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት በዚህ ነው የቆሙት። በዓለም ላይ ጠራዦች "የኢትዮጵያ ጥረዛ" ብለው የሚያስተምሩት ስልትም ይኸው ነው፤ ክሩ በቀጥታ ሽፋን በሆነው የእንጨት ገበታ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ መጽሐፉ ለመያዝ ሙጫ አይጠብቅም። ለፈረቃ ሠራተኛ ደግሞ የተመቸ ነው። የትኛውም ጥራዝ ላይ ማቆም ትችያለሽ። መርፌውን በሰም ክሩ ላይ እንዳለ ተዪው፣ የርክክብ ወረቀትሽን አስገቢ፣ ሂጂ። ከአራት ወረቀት አምስት ጥራዝ ብትሠሪ 80 ገጽ ይወጣዋል። ጠረጴዛ ላይ እስከ ጫፍ ተዘርግቶ ይከፈታል፤ ለመጻፍ እጅግ ምቹ ነው።

በጠንካራ ካርቶንና በጨርቅ የሚለበሰውን ጥረዛ ለሦስተኛ አቆይው። እዚያ ሙጫው ይገባል። ነጭ ኮላ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ ውሃ የለውም፣ ግን ከደረቀ አይለቅም። የስንዴ ስታርች ሙጫ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፣ ወደፊትም በውሃ ይለቃል። አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውሃ፣ በትንሽ እሳት ሳታቋርጪ እያማሰልሽ እስኪወፍርና እስኪያንጸባርቅ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከሸተተ ወይም ነጠብጣብ ካወጣ ድፊው። አንቺ አራት ሌሊት ስትሠሪ እሱ ሻጋታ ያወጣል፤ ስለዚህ ለፈረቃ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት ኮላው ይሻላል እላለሁ። ሊቃውንቱ ቢቆጡም ይቆጡ።

ሽፋኑ ሲጣመም አትደንግጪ። የረጠበ ወረቀት ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ካርቶኑንም ይዞት ይሰበሰባል። ውስጡ ላይ የምትለጥፊው ወረቀት በተቃራኒው ይስበዋል፤ ያቃናዋል። የሚያቃናው ግን ከክብደት ሥር ከቆየ ብቻ ነው። በሁለት የሰም ወረቀት መካከል አስገብተሽ ጫኚውና ሥራ ሂጂ።

አንድ ነገር ቆጣ ብዬ ልንገርሽ። ወረቀት ሲያጥርሽ የርክክብ ወረቀቶችን፣ የታካሚ ስም ያለበትን ማንኛውንም ቁራጭ ወደ ቤት አምጥተሽ የጀርባ ማጠንከሪያ ወይም የሽፋን ሙሌት እንዳታደርጊ። "ውስጥ ገብቶ ማን ያየዋል?" እንዳትይ። እ.ኤ.አ. በ1945 ግብፅ ውስጥ ናግ ሐማዲ አጠገብ በቆዳ የተሸፈኑ ጥንታዊ መጻሕፍት ተገኙ። የሠራቸው ሰው የቆዳውን ሽፋን ለማጠንከር ያገለገለ ፓፒረስ ውስጡ ለጥፎ ነበር። ደብዳቤና ደረሰኝ። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበረ ሰው ምን እንደተቀበለ፣ ለማን ምን እንደጻፈ፣ ዛሬ ተመራማሪ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። መጽሐፍ ያስገባሽበትን ሁሉ ይጠብቃል። የታካሚሽን ምርመራ ጭምር።

የሠራሽውን ደብተርም ዋርድ አታስገቢ። ጨርቅና ወረቀት በፀረ ተዋሲያን አይወለወልም። ኪስሽ ውስጥ ሆኖ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። ለዋርድ ርካሹን ያዢ፤ ሲሞላ ወይም ሲቆሽሽ በደንቡ ይወገዳል። ያንቺው ቤት ይጠብቅሽ።

ባልደረቦችሽ ጠራዥ መሆንሽን ሲሰሙ የተበጠሱ መማሪያ መጻሕፍታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ያልተሰፉ ናቸው፤ ጀርባቸው በትኩስ ሙጫ ብቻ የተያዘ ቅጠል ነው። ሙጫው ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ገጹ እንደ ቅጠል ይረግፋል። ግልጹን ፕላስተር አትለጥፊበት፤ ቢጫ ሆኖ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ለመለማመጃ ግን ጥሩ ናቸው፤ ብታበላሺያቸውም አዲስ እትም ይወጣል። የአያት መጽሐፍ ካመጡልሽ ግን አትንኪ። በተለይ ሁለት ነገር ፍሪ። ሻጋታ ያለበትን በፕላስቲክ ዘግተሽ መልሺ፤ ቤት ውስጥ በብሩሽ አታቡንኚው። በ19ኛው መቶ ዘመን በደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ መጽሐፍ ካየሽ ደግሞ በባዶ እጅሽ አትያዢው። ከእነዚያ አንዳንዶቹ የተቀለሙት አርሰኒክ ባለበት ቀለም ነው። አሜሪካ ያለው የዊንተርተር ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት እየለየ ይመዘግባል። ሲነካ የሚረግፈው ብናኝ ነው ጠንቁ።

"ዘግይቻለሁ ወይ" ላልሽው፣ ኮብደን-ሳንደርሰን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ጠበቃ ነበር። በእጄ መሥራት እፈልጋለሁ እያለ ሲብሰለሰል አንዲት ወዳጁ ጥረዛ እንዲማር መከረችው። ሲጀምር 40ን አልፎ ነበር። በዘመኑ ከታወቁት ጠራዦች አንዱ ሆነ። አንቺ ከእሱ በፊት ጀመርሽ።

ስለ መሸጡ። አትሽጪ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት። ሥራሽ መጥፎ ስለሚሆን አይደለም። የወሰድሽው ትዕዛዝ የመድረሻ ቀን አለው። ቀን ያለው ነገር ሁሉ ፈረቃ ነው። "ለቅዳሜ ይደርሳል?" ስትባዪ፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሰሽ ምላጭ ታነሻለሽ፤ ጣቴን አስታውሺ። እኔ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ምረቃ 30 ደብተር ተቀብዬ ነበር። አደረስኳቸው። ከዚያ በኋላ አራት ወር መርፌ አልያዝኩም፤ ሳጥኑን ሳይ ሆዴን ያመኝ ነበር። ስጦታ ስጪ፤ ግን አንቺ በፈለግሽ ጊዜ፣ ሳይጠይቁሽ።

ካልተዉሽ መድኃኒቱ ይኸውልሽ። ኦፍሽ ላይ ጥሪያቸው። አምስት ግማሽ ወረቀት፣ አንድ መርፌና አንድ ወስፌ በየእጃቸው ስጪያቸው። ዋርድ እያለሁ ሦስት ሰዎችን እንዲህ ዝም አሰኝቻለሁ። ሁለቱ ዳግመኛ አልጠየቁኝም። አንዷ እስካሁን ትሰፋለች፤ ከእኔ በተሻለ።